ዐውደ ፀሐይና የመተማ ክረምት

(በገንዳ ውሃ ለአጥቢያ አስተዳዳሪዎች፣ ለካህናት፣ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለገበሬ ምእመናን በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)





በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ቀበሌዎች ለሥራ በተዘዋወርን ቁጥር አንድ አሳብ በልዩ ልዩ አነጋገር ይቀርብልናል። «ይህ ሙቀት የፀሐይ ተራ ነው፤ ፀሐይ ዙር አላት፤ ዙሯን ስትጨርስ ሙቀቱም ይበርዳል፣ ክረምቱም ወደ ቀድሞው ይመለሳል» ይሉናል። አንዳንዱ ከሬዲዮ የሰማው ነው፤ አንዳንዱ ከባሕረ ሐሳብ ጋር አገናኝቶ ይናገረዋል። አሳቡ ፈጽሞ ከንቱ አይደለም፤ ፀሐይ በእርግጥ ዙር አላት። ዳሩ ግን ከዚያ ተነሥቶ የሚደረሰው ውሳኔ ያሳስበናል። ሙቀቱ በራሱ ጊዜ የሚመለስ ከሆነ ዛፍ መትከል ምን ያስፈልጋል? መጥፎዎቹ ዓመታት ተቆጥረው የሚታወቁ ከሆነስ «ዘንድሮ የደጉ ዙር ነው» ብሎ በብድር መሬቱን በሙሉ ሰሊጥ ብቻ የሚዘራን ሰው ማን ይከለክለዋል? ስለዚህ ፀሐይ በአየር ንብረታችን ላይ ያላትን ድርሻ፣ ከሌላትም የሌላትን፣ በሚታወቀው መጠን ልናስረዳ መጥተናል።

በቅድሚያ ስሙን እንለይ። ባሕረ ሐሳብ የተማሩ አባቶቻችን እንደሚያውቁት ዐውደ ፀሐይ 28 ዓመት ነው። በ28 ዓመት ዕለቱና ወንጌላዊው ተመልሰው ይገናኛሉ። ከ19ኙ ዐውደ አበቅቴ ጋር ሲባዛም የ532 ዓመቱን ዐውደ ቀመር ይሰጠናል። ይህ በዓላትንና አጽዋማትን ለማውጣት የተሠራ የዘመን ቍጥር ነው፤ ስለ ፀሐይዋ ግለት አንዳች አይናገርም፤ ይናገራል ያለም ሊቅ አናውቅም። የሥነ ፈለክ ሰዎች «የፀሐይ ዑደት» የሚሉት ግን ሌላ ነው፤ በአማካይ 11 ዓመት የሚፈጅ፣ አንዳንዴ ወደ 9 የሚያጥር፣ አንዳንዴ ወደ 14 የሚረዝም ነው። የእኛው ዐውድ አንዲት ቀን አያዛንፍም፤ ያኛው ግን ቀጠሮ አያከብርም። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራታችን ብዙ ስሕተት አምጥቷል።

ይህን የ11 ዓመት ዑደት ያገኘው ሳሙኤል ሃይንሪክ ሽቫበ የተባለ፣ በጀርመን ደሳው ከተማ መድኃኒት ቀማሚ የነበረ ሰው ነው። ከ1826 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰማዩ በጠራ ቀን ሁሉ በመነጽሩ ፀሐይን እየተመለከተ በፊቷ ላይ የሚታዩትን ጥቋቁር ነጥቦች ይቈጥር ነበር። ይፈልግ የነበረው ግን ነጥቦቹን አልነበረም፤ ከአጣርድ ይልቅ ለፀሐይ የቀረበ ሌላ ፕላኔት አለ ብሎ እርሱን ይጠባበቅ ነበር። ፕላኔቱን አላገኘም። ከ17 ዓመት በኋላ መዝገቡን ሲያገላብጥ ግን ነጥቦቹ ወደ 10 ዓመት በሚጠጋ ጊዜ እየበዙና እያነሱ እንደሚመላለሱ አየ፤ በ1843 እ.ኤ.አ.ም አሳወቀ። በጸጥታ የተያዘ መዝገብ ባለቤቱ ያላሰበውን ነገር ሲገልጥ የታየበት ነውና ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

ነጥቦቹ ኃይለኛ የማግኔት ኃይል ከፀሐይ ሆድ የሚወጣውን ግለት የሚገታባቸው ስፍራዎች ናቸው። የፀሐይ ገጽ ወደ 5,500 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ፣ ነጥቦቹ ከዚያ በሺህና በሁለት ሺህ ዲግሪ ስለሚቀዘቅዙ ጠቁረው ይታያሉ። እንግዲህ ነጥብ ሲበዛ ፀሐይ የምትቀዘቅዝ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ነጥብ በበዛበት ዘመን በዙሪያቸው ከወትሮው የደመቁ ሰፋፊ ስፍራዎችም ስለሚበዙ፣ ድምቀቱ ከጥቁረቱ ይበልጣል፤ ፀሐይም በጥቂቱ ታበራለች።

«በጥቂቱ» ያልነው ስንት ነው? ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳተላይቶች ከአየር በላይ ሆነው ለክተውታል። በምድር አናት ላይ ፊት ለፊት የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል በካሬ ሜትር ወደ 1,361 ዋት ነው፤ ከዑደቱ ዝቅታ እስከ ከፍታው ያለው ልዩነት 1 ዋት ገደማ ብቻ ነው። አንድ ሺህ ኩንታል ሰሊጥ ባስገባ ነጋዴ ላይ አንድ ኩንታል ቢጨመር ወይም ቢቀነስ እንደማለት ነው። ምድር ክብ በመሆኗና ከብርሃኑ ሲሶ የሚያህለውን ወደ ሰማይ በመመለሷ፣ ከዚያች አንድ ዋት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የምድር ገጽ የሚተርፈው ከአንድ ዋት አምስተኛ አይበልጥም። በዓለም አማካይ ሙቀት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከአንድ ዲግሪ አሥረኛ ጋር የተቀራረበ ነው። ዐይን የማያየው ጨረር፣ አልትራቫዮሌት የሚባለው፣ በመቶኛ ሲታይ ከዚህ ይልቅ ይለዋወጣል፤ በከፍታ ላይ ያለውን የኦዞን ክፍል ያሞቃል ያቀዘቅዛል፤ በዚያም በኩል የነፋስን አካሄድ በጥቂቱ ሊያዛባ ይችላል። ሊቃውንቱ ዛሬም የሚመራመሩበት ይህኛው መንገድ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ እንምጣ፤ የፀሐይን ዑደት ከድርቅ ጋር የሚያያይዘውን አሳብ ለመመዘን ከመተማ የሚሻል ስፍራ የለምና። ንጉሠ ነገሥት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚህች ምድር በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ሲወድቁ፣ አገሪቱ ክፉ ቀን ወደተባለው ዘመን ገብታ ነበር። በ1880 ክረምት ዝናቡ ደክሟል። ከምጽዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ የእርሻ በሬውን መፍጀት ጀምሯል። ከወሰን ማዶ ሱዳኖችም ያንን ዘመን በሂጅራ አቈጣጠራቸው 1306 ስለነበረ «ሰነት ሲታ»፣ የስድስተኛው ዓመት ረኃብ፣ ይሉታል። በመተማ የተፋለሙት ሁለቱ ሠራዊቶች ከኋላቸው የተራበ ሕዝብ ነበራቸው። የዚያ ክረምት የዓባይ ሙላት በግብፅም ዝቅተኛ ሆኖ ተመዝግቧል።

የዓባይን መዝገብ ስንገልጥ ደግሞ የሚያስደንቅ ነገር እናያለን። በ1869 ክረምት፣ በ1877 እ.ኤ.አ. ማለት ነው፣ የዓባይ ሙላት እጅግ አንሶ ነበር። ከ11 ዓመት በኋላ የ1880ው መጣ። ከዚያም ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1891 ክረምት፣ ሙላቱ እንደገና ወደቀ። በ1905፣ በ1913 እ.ኤ.አ. ማለት ነው፣ ከ20ኛው ምዕት ዓመት ዝቅተኛ ሙላቶች አንዱ ሆነ። የፀሐይ ነጥቦች ያነሱባቸው ዓመታትስ? በእኛ አቈጣጠር 1871፣ 1882፣ 1894 እና 1905 ገደማ ናቸው። አራቱም የውኃ ማነስ ዓመታት ከነጥቦቹ ማነስ ጥቂት ቀድመው ወይም አብረው የመጡ ናቸው። በ1906 ዓ.ም. ይህን ሠንጠረዥ በእጁ የያዘ ሰው፣ «ፀሐይ ስትደክም ዓባይ ይደክማል» ብሎ ሕግ ቢያወጣ ማን ይፈርድበታል?

ሕጉ ግን ከዚያ በኋላ ባለው ዘመን ሲፈተን አልጸናም። የ1957 ክረምት ዝናብ ሲጠፋ፣ ዋግና ላስታንም ረኃብ ሲመታ፣ ፀሐይ ዝቅታዋን አልፋ ወደ ላይ መውጣት ጀምራ ነበር። የ1964ቱ የዝናብ እጥረት፣ የወሎን ረኃብ ያስከተለው፣ በ1961 ከፍታና በ1968 ዝቅታ መካከል ነው። የ1976ቱ ከዝቅታው ሁለት ዓመት ይቀድማል፤ ይህ ለሕጉ ሊመሰክር ይችላል። የ2007ቱ ድርቅ፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለምግብ እርዳታ የዳረገው፣ የፀሐይ ከፍታ ካለፈ በዓመቱ መጣ፤ ይህም የሕጉ ተቃራኒ ነው። በመጨረሻም የፀሐይ ነጥቦች በኅዳርና በታኅሣሥ 2012 እጅግ አነሱ። እንደ ሕጉ ቢሆን የ2012 ክረምት ሊደክም ይገባው ነበር። የሆነው ግን በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን ዓባይ በካርቱም ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ወጥቶ፣ በዚያ ከተመዘገቡት ሙላቶች ሁሉ የበለጠ ሆነ፤ ሱዳን የአስቸኳይ ጊዜ ዐወጀች። ከወሰን ማዶ ዘመድ ያላችሁ ይህን ከእኛ ይልቅ ታውቃላችሁ።

«ከዝቅታው በፊት»፣ «ከዝቅታው በኋላ»፣ «ገደማ» እያልን በሩን ካሰፋነው ሁሉም ዓመት ይገባበታል። ሁሉንም ዓመት የሚያስገባ ሕግ ደግሞ ለዘሪ አይጠቅምም።

ነገሩ ይበልጥ ግልጽ እንዲሆን በቤታችን ባለ ምሳሌ እንየው። በየአገሩ የዘመኑን ወንጌላዊ ከዝናብ ጋር የማያያዝ ልማድ እንዳለ ሁላችንም ሰምተናል። እስቲ በባሕረ ሐሳብ ሥርዐት እናውጣው፤ ዓመተ ምሕረቱን ከ5,500 ጋር ደምረን ለአራት እንገድፍ። 1880 ሲደመር 7,380 ይሆናል፤ ያለ ቀሪ ይካፈላልና ዮሐንስ ነው። 1964ስ? ዮሐንስ። 1976ስ? እርሱም ዮሐንስ። ሦስቱ ታላላቅ የመከራ ክረምቶች በዘመነ ዮሐንስ! አንድ ሰው በዚህ ቢቆም ስብከት ሊያደርገው ይችላል። ነገር ግን በ1980 ሐምሌ መጨረሻና ነሐሴ ካርቱምን ያጥለቀለቀው ዝናብና የዓባይ ሙላትም በዘመነ ዮሐንስ ነው። የ2012ቱ ታላቅ ሙላትም እንዲሁ። የ1957ቱ ድርቅ በማቴዎስ፣ የ2007ቱ በሉቃስ ሆነ። ደግሞስ ክረምት ሰኔ ገብቶ መስከረም ሲወጣ ሁለት ወንጌላውያንን ይረግጥ የለምን? ወንጌላውያኑ የዘመን መለያ እንዲሆኑ ተሰጡን፤ የዝናብ ተጠያቂ እንዲሆኑ አልተሰጡንም። የፀሐይ ነጥቦችንም በዚሁ ሚዛን ልንመዝን ይገባል፤ የሚስማሙትን ዓመታት መርጦ መቍጠር ለሊቅም ለጨዋም እኩል የተዘረጋ ወጥመድ ነው።

በውጭው ዓለም ያሉ ሊቃውንትም በዚህ ተፈትነዋል። ታላቁ የሥነ ፈለክ ሰው ዊልያም ኸርሸል በ1801 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝን የስንዴ ዋጋ ከፀሐይ ነጥቦች ጋር አነጻጽሮ፣ ነጥብ ሲያንስ ስንዴ ይወደዳል ብሎ አቀረበ፤ በዘመኑ ብዙዎች ሣቁበት። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የቪክቶሪያ ሐይቅ ነገር ነው። ነጭ ዓባይ የሚወጣበት የዚያ ሐይቅ ከፍታ ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይለካ ነበር። ብሩክስ የተባለ እንግሊዛዊ የሜትዎሮሎጂ ባለሙያ በ1923 እ.ኤ.አ. መዝገቡን ሲመረምር የሐይቁ ከፍታና የነጥቦቹ ቍጥር እንደ ጥምድ በሬዎች አብረው ሲወጡና ሲወርዱ አገኘ። ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው ዐሥር ዓመት መጨረሻ ላይ፣ ቀንበሩ ተሰበረ፤ ሁለቱ በየፊናቸው ሄዱ። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ2007 እ.ኤ.አ.፣ ሌሎች ተመራማሪዎች ነገሩን እንደገና አንሥተው፣ በ20ኛው ምዕት ዓመት የምሥራቅ አፍሪካ ሐይቆች ከፍ የሚሉት ብዙ ጊዜ ከፀሐይ ከፍታ አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብለው ነው የሚል ጥናት አወጡ። እንግዲህ አንድ ዓይነት ዝምድና ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን ያ ሐይቅ ዝናቡን የሚያገኘው በሌላ ወራት ነው፤ የጎንደር ቆላ ክረምት የእርሱን ሥርዐት አይከተልም።

በግብፅ ሮዳ ደሴት ያለው የዓባይ መለኪያ ደግሞ ለጥንቱ ዘመን ምስክር ነው። የውኃው ከፍታ ከ622 እ.ኤ.አ. አንሥቶ በየዓመቱ ተጽፎ፣ ወደ 850 ዓመት የሚጠጋ መዝገብ ተገኝቷል። ክረምት ላይ በዚያ ድንጋይ ላይ የሚወጣው ውኃ አብዛኛው ከእኛ ደጋ የወረደ ነው፤ የካይሮ ጸሓፊዎች ሳያውቁት የጎጃምንና የጎንደርን ክረምት ይመዘግቡልን ነበር። ሩዝማይኪንና ባልደረቦቹ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በዚህ መዝገብ ውስጥ የ88 ዓመትና ከ200 ዓመት የሚበልጥ ቀርፋፋ መወዛወዝ አይተዋል። በሰሜኑ ዓለም ሰማይ ላይ በሌሊት ይታይ ከነበረው፣ ከፀሐይ እንቅስቃሴ ጋር ከተያያዘው የብርሃን መዝገብ ጋርም አስተያይተውታል። የፀሐይ አሻራ በዓባይ ላይ አለ ከተባለ በዚህ ዓይነቱ ረጅም ዘመን ውስጥ ነው። በ88 ዓመት የሚመላለስ ስስ ለውጥ ግን ሰሊጥ በሰኔ መጨረሻ ይዘራ ወይስ በሐምሌ አጋማሽ ለሚል ገበሬ መልስ አይሆንም።

ከዚህም የሚረዝም አለ። ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትዞርበት መንገድና የዘንጓ ዝንባሌ በብዙ አሥር ሺህ ዓመታት ይለዋወጣል፤ ያን ጊዜ የሚለወጠው የፀሐይ ብርታት ሳይሆን ብርሃኗ በየወራቱ የሚያርፍበት ስፍራ ነው። የሰሃራ በረሃ ለምለም የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከ11,000 እስከ 5,000 ዓመታት ገደማ በፊት የክረምቱ ዝናብ ወደ ሰሜን ርቆ ይሄድ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከ16,000 ዓመታት በፊት ገደማ፣ የበረዶው ዘመን ሊያበቃ ሲል ጣና ደርቆ እንደነበር ከሐይቁ ሥር የወጣው ደለል መስክሯል። የዚህን ያህል ለውጥ በሰው ዕድሜ አይታይም፤ ስለ ዛሬው ሙቀት ሲነሣ ግን እንደ ምክንያት ስለሚጠቀስ ነው ያነሣነው።

ስለ ዛሬው ሙቀት እንናገር። በመተማ በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ በላይ መውጣቱ አዲስ አይደለም፤ ቆላ ነውና። አዲሱ ነገር የአገሪቱ አማካይ ሙቀት ራሱ ከፍ ማለቱ ነው፤ ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ መጨመሩ ተጠንቷል። ፀሐይ ይህን ታደርግ ነበር እንበል፤ ታዲያ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የፀሐይ ብርታት በአማካይ አልጨመረም፤ እንዲያውም ጥቂት ቀንሷል። ሙቀቱ ግን ቀጥሏል። በጥቅምት 2017 ፀሐይ በከፍታዋ ላይ መድረሷ ሲነገር፣ ዓመቱም በዓለም ከተመዘገቡት ሁሉ የሞቀ ስለነበረ፣ «ይኸው!» ያሉን ወንድሞች ነበሩ። መልሳችን አጭር ነው፤ 2020 እ.ኤ.አ.ም እስከዚያ ቀን ከነበሩት እጅግ ሞቃታማ ዓመታት አንዱ ነበር፤ ያን ጊዜ ፀሐይ በዝቅታዋ ላይ ነበረች። ሌላም ምልክት አለ። የሚያሞቀን ፀሐይ ብትሆን ኖሮ ከባቢ አየሩ ከላይ እስከ ታች አብሮ በሞቀ ነበር፤ የተለካው ግን የታችኛው ሲሞቅ የላይኛው መቀዝቀዙን ነው። ይህ ጋቢ እንደለበሰ ሰው ነው፤ ሙቀቱ ውስጥ ስለሚያዝ ውጭው ይቀዘቅዛል። ጋቢው ከነዳጅ፣ ከድንጋይ ከሰልና ከደን ምንጣሮ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከሚሊዮን እጅ 280 እጅ የነበረው ዛሬ ከ420 አልፏል። የሚጨምረው ግፊት በካሬ ሜትር ወደ 2 ዋት ነው፤ ከ11 ዓመቱ የፀሐይ ዑደት ከአሥር እጥፍ በላይ ማለት ነው። ደግሞም የፀሐይዋ ይወጣል ይወርዳል፤ ይህኛው ግን ይከማቻል። ተራውን ጠብቆ የሚመለስ ነገር አይደለም።

የክረምቱን መብዛትና ማነስ በአብዛኛው የሚወስኑት ውቅያኖሶች ናቸው። የፓሲፊክ ውቅያኖስ ማዕከላዊና ምሥራቃዊ ክፍል ከወትሮው ሲሞቅ ኤልኒኞ ይባላል፤ ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ባለ ጊዜ ይመላለሳል፤ በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ክረምት ብዙ ጊዜ ይደክማል። የ1880፣ የ1957፣ የ1964ና የ2007 ክረምቶች ሁሉ የኤልኒኞ ነበሩ። የ1976ቱ ግን አልነበረም፤ ታላቁ ኤልኒኞ በዓመቱ ቀድሞ አልፎ ነበር። ስለዚህ ይህም ቢሆን ፍጹም ሕግ አይደለም፤ ነገር ግን ከፀሐይ ነጥብ ይልቅ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። የሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የክረምቱን ትንበያ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት የሚያወጣው እንዲህ ያለውን የውቅያኖስ ሁኔታ መርምሮ ነው። ትንበያው «ይዘንባል፣ አይዘንብም» አይልም፤ ከመደበኛው በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች የመሆኑን ዕድል በመቶኛ ያስቀምጣል። ካህናት አባቶቻችን ይህን ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን ስታነቡ መቶኛውን እንዳታስቀሩብን እንለምናለን፤ መቶኛው ከቀረ ትንበያው ወደ ጥንቆላ ይጠጋል።

ሃሮልድ ኸርስት የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በግብፅ ለብዙ ዐሥር ዓመታት ሲያገለግል የዓባይን መዝገብ መርምሮ፣ ደግ ዓመታት ከደግ፣ ክፉ ዓመታት ከክፉ ጋር ተጠጋግተው የመምጣት ጠባይ እንዳላቸው በ1951 እ.ኤ.አ. አሳተመ። የሒሳብ ሊቃውንት ይህን ጠባይ በኋላ በዮሴፍ ስም ጠሩት፤ ስለ ሰባቱ የጥጋብና ስለ ሰባቱ የረኃብ ዓመታት ነው። የሚደንቀው ኸርስት በዓባይ ላይ ቋሚ ዑደት አለማግኘቱ ነው። ክፉ ዓመታት ይጠጋጋሉ፤ መቼ እንደሚጀምሩና ስንት እንደሚሆኑ ግን አይታወቅም። ለዮሴፍ ቍጥሩ በራእይ ተገለጠለት፤ ለእኛ አልተገለጠልንም፤ ጎተራው ግን ለሁለታችንም አንድ ነው። ሰሊጡ ከሂላ ወርዶ ሳይራገፍ በብድር የተያዘበት ቤተሰብ ጎተራ የለውም። ስለዚህ ነው በሥልጠናችን ከመሬቱ ከፊሉ ለማሽላ ይቅር፣ ከማሽላውም ለሁለተኛው ዓመት የሚተርፍ ይቀመጥ የምንለው። ሰሊጥ በዋልካ አፈር ላይ ውኃ ሲቋጥርበትም ይበሰብሳል፤ የዝናብ ማነስ ብቻ ሳይሆን መብዛቱም ጠላቱ ነው። የ2012ን ዓይነት ክረምት ያየ ይህን አይረሳም።

የዕጣን ዛፍን ነገርም ሳናነሣ አናልፍም፤ ለቤተ መቅደስ የሚታጠነው ከዚህ ቆላ ይወጣልና። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በመተማ ደኖች የተካሄደ ጥናት፣ ሁኔታው ካልተለወጠ የዕጣን ምርት በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ አመለከተ። ያረጁት ይሞታሉ፤ ችግኝ ሆነው የበቀሉት ደግሞ ዛፍ ለመሆን አይደርሱም። ምክንያት ተብለው የተጠቀሱት እሳት፣ ልቅ ግጦሽና ግንዱን የሚበላ ጥንዚዛ ናቸው። አንዱም ፀሐይ አይደለም። ከእነዚህ ሁለቱ በእጃችን ናቸው፤ የደኑ ዳር በበጋ እሳት እንዳይሻገረው ቢመነጠር፣ ችግኝ የበቀለበት ስፍራም ጥቂት ዓመት ከከብት ቢከለል፣ የሚተካ ዛፍ ይወጣል። ይህን በየአጥቢያው ደን ለመጀመር የሚፈልጉ ሰበካ ጉባኤያት ከሥልጠናው በኋላ ያነጋግሩን።

አሁን በመዝገቡ እንጨርስ። የጀርመኑ መድኃኒት ቀማሚና የሮዳ ጸሓፊዎች ያደረጉትን እያንዳንዱ አጥቢያ ሊያደርገው ይችላል። በዚህ ቆላ የዝናብ መለኪያ ያለበት ስፍራ ጥቂት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ግን በየቀበሌው አለች፤ በየማለዳውም የሚነሣ ዲያቆን አለ። ስለዚህ በየአጥቢያው ቅጥር አንድ የዝናብ መለኪያ እንዲተከል እናሳስባለን። ከዛፍና ከጣሪያ የራቀ ገላጣ ስፍራ ይመረጥ፤ ዛፉ ወይም ጣሪያው ከሚረዝመው እጥፍ ያህል ቢርቅ ይበቃል። ንባቡ በየቀኑ ጠዋት በ3 ሰዓት ይሁን። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው፤ 10 ሚሊ ሜትር የዘነበ ዕለት በአንድ ሄክታር ላይ 100,000 ሊትር ወርዷል ማለት ነው፤ ገበሬው ይህን ሲሰማ የእርከንና የውኃ ማፋሰሻ ቦይ ጥቅም ይገባዋል።

መዝገቡ በዕለቱ ወርና ቀን፣ በዓመተ ምሕረቱና፣ ከፈለጋችሁ፣ በወንጌላዊውም ስም ይጻፍ። ከሃያ ዓመት በኋላ ዘመነ ዮሐንስን ከዘመነ ማርቆስ አስተያይቶ ማየት የሚፈልግ ተማሪ ይነሣ ይሆናል፤ በወሬ ሳይሆን በቍጥር ያየዋል። ዝናብ ያልዘነበበት ቀን 0 ተብሎ ይጻፍ። አንባቢው ለሐዘን ወይም ለበዓል ሄዶ ያልተነበበበት ቀን ግን መስመሩ ባዶ ይተው፤ በግምት አይሞላ። ባዶና ዜሮ አንድ አይደሉም። መለኪያውን ተረክበው የሚያነቡ ሁለት ሁለት ሰዎች ከየአጥቢያው ስማቸውን ከምሳ በፊት ለጸሓፊው እንዲያስመዘግቡ እንጠይቃለን።